ስምንት ቀን ሳይከፈት የቆየው ደብዳቤ፤ የወይዘሮ ሸዋረጋ ትዕዛዙ ዜና ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከደጋውም ከቆላውም መንገዱ ሳይከብዳችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ አሁን የማነብላችሁ ዛሬ የምንሸኛቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋ ትዕዛዙን የሕይወት ታሪክ ነው። ቤተሰቡ እንዳዘጋጅ ያዘዘኝ እኔን የልጅ ልጃቸውን የምሥራች ምስክርን ሲሆን፣ የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት የየራሳቸውን ቁራጭ ብቻ ስለነበረ፣ ቤተሰቡ የማያውቀውን ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው፣ እነርሱ የማያውቁትን ደግሞ ከጎረቤት እየሰማሁ ጽፌዋለሁ። የጎደለ ቢኖር አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ከአባታቸው ከአቶ ትዕዛዙ ፍቅረ ሥላሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተሥላሴ ወልደ ሰማዕት፣ ከሞላሌ የሁለት ሰዓት መንገድ ዝቅ ብላ በምትገኘው በአስታ ሜዳ መንደር፣ ግንቦት 21 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ዕለት የእመቤታችን በመሆኑ የክርስትና ስማቸው ወለተ ማርያም ተባለ። ለወላጆቻቸው ከሰባት ልጆች አራተኛዋ ነበሩ።

አባታቸው አቶ ትዕዛዙ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ፣ በአገር ሽማግሌነትም የታወቁ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ከብት ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል፣ አድራጊው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስም ወደ ቤቱ የሚሄድ፣ እህል የሚቀምስ አልነበረም። የሚያውቅ ነገር ኖሮት በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው ለተመረጡ ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ ሽማግሌዎቹም ወደ ጉባኤው ተመልሰው «ወፍ ነገረችን» ይላሉ እንጂ የነገራቸውን ሰው ስም አይጠሩም። ከተመረጡት አንዱ አቶ ትዕዛዙ ነበሩ። ወይዘሮ ሸዋረጋ የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ «አባዬ፣ ወፏ ማን ናት?» ብለው ቢጠይቁ፣ አባታቸው «ወፏ ማን ናት ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ዳግመኛ አትነግረውም» ብለው እንደመለሱላቸው ለልጆቻቸው ደጋግመው ያወሩ ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል በሞላሌ፣ ከዚያም በላይ ያለውን በመሐል ሜዳ ተከታትለው በ1968 ዓ.ም. አጠናቀዋል። በመሐል ሜዳ ያረፉት በአክስታቸው ቤት ሲሆን፣ የቤቱ ግድግዳ በጋዜጣ የተለጠፈ፣ ከጋዜጦቹም ግማሾቹ ተዘቅዝቀው የተለጠፉ ስለነበሩ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ እንደ ቀናው ማንበብ የለመዱት በዚያ ነው ይባላል። ይህ ችሎታ በኋላ በመሥሪያ ቤት በሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ ደብዳቤ ለማንበብ ጠቅሟቸው እንደሆነ ጠይቄ፣ እናቴ «እሳቸው እንዲያ አያደርጉም» ስትለኝ፣ የቀድሞ አለቃቸው አቶ ኃይለመስቀል ግን «እንዴታ፣ እኔ እኮ መጨረሻ ላይ ደብዳቤዬን በደብተር እየሸፈንኩ ነበር የማነበው» ብለውኛል። ሁለቱንም ጽፌዋለሁ።

በ1971 ዓ.ም. በዘመሮ ስልክ ቤት በኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። የዚያን ጊዜው ስልክ ደዋዩ እጀታ አዙሮ ስልክ ቤቱን ሲጠራ፣ ኦፕሬተሯ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ በሌላው እየሰካች የምታገናኝበት ስለነበረ፣ የከተማው ሐዘንና ደስታ፣ ጠብና እርቅ ሁሉ በጆሯቸው ያልፍ ነበር። ሥራውን ሲጀምሩ የሰሙትን ላያወጡ ምለው ነበርና መሐላቸውን ጠብቀዋል። ወሬ የወደደች ጎረቤት «የእነ እገሌ ልጅ ታጨች አሉ፤ መቼም አንቺ ሳትሰሚ አትቀሪም» ስትላቸው፣ «እንዲያ ነው እንዴ? እስቲ አንቺ የሰማሽውን ንገሪኝ» እያሉ ሴትዮዋ ያላትን ሁሉ ተናግራ ባዶ እጇን እንድትሄድ ያደርጉ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች እየሳቁ ያስታውሳሉ።

ከባለቤታቸው ከመምህር ገሠሠ ሽፈራው ጋር የተዋወቁትም በዚያው በስልክ ቤት ነው። መምህር ገሠሠ የግሼ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ደሴ ለሚኖር ወንድማቸው በየሳምንቱ ስልክ ያስመዘግቡ፣ ወንድማቸው ሳይገኝ ሲቀርም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አምስት ወር ካለፈ በኋላ ወይዘሮ ሸዋረጋ «መምህር፣ ወንድምዎ ደሴን ከለቀቁ ዓመት አልፏቸዋል፤ ደሴ ያለችው ኦፕሬተር ነግራኛለች» አሏቸው። መምህሩም «አውቃለሁ» ብለው መለሱ። በ1975 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፀደንያን፣ ምስክርንና መሲን ወልደዋል። መምህር ገሠሠ በ1999 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ስልኩ ያለ ኦፕሬተር መገናኘት ሲጀምር፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ በ1996 ዓ.ም. ወደ አንድ ወረዳ የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ተዛውረው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኑ። ከዚህ በኋላ የማነበው ነገር ሁለት ወረዳዎችን የሚመለከት ነው፤ የሁለቱም ሰዎች እዚህ ስላሉና ማንንም ለመውቀስ የተጻፈ ስላልሆነ፣ ስማቸውን ሳልጠራ የላይኛውና የታችኛው እያልኩ አልፋለሁ። አቶ ኃይለመስቀልም የእርሳቸውን ድርሻ እንዳልሸሽግ ራሳቸው አዘውኛል።

በየካቲት ወር 2001 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከታችኛው ወረዳ ፖሊስ ወደ ላይኛው ወረዳ የጸጥታ ጽሕፈት ቤት አንድ የታሸገ ደብዳቤ መጣ። በፖስታው ላይ «ጥብቅ ምስጢር፤ በኃላፊው እጅ ብቻ የሚከፈት» የሚል ማኅተም ነበረበት። ወይዘሮ ሸዋረጋ ደብዳቤውን በገቢ መዝገብ ላይ ጽፈው፣ ኃላፊው አቶ ኃይለመስቀል ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ስለነበሩ ስልክ ደወሉላቸው። አቶ ኃይለመስቀል «እስክመጣ ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ፤ ማንም እንዳይነካው» ብለው አዘዙ። ደብዳቤው ተቆለፈ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቆላው ገበያ በሬ ገዝተው ሁለቱን ወረዳዎች በሚያገናኘው የገደል መንገድ የሚመለሱ ነጋዴዎችን መሣሪያ የያዙ ዘራፊዎች መሻገሪያው ላይ ጠብቀው በሬዎቹን ነዱ፤ አልሰጥም ያለውን አቶ ሽመክት የተባለ ነጋዴም ገደሉ። አቶ ሽመክት የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ የወይዘሮ ጠጄ ባለቤት፣ የሁለት ልጆች አባት ነበር።

አቶ ኃይለመስቀል በሚቀጥለው ዓርብ ተመልሰው ፖስታውን ሲከፍቱት፣ ደብዳቤው ዘራፊዎች በዚያ ቅዳሜ በዚያ መሻገሪያ እንደሚጠብቁ፣ መሻገሪያው በላይኛው ወረዳ ክልል ስለሆነ የታችኛው ፖሊስ ያለ ፈቃድ ሊገባበት እንደማይችል የሚገልጽ፣ ስለዚህም ነጋዴዎች በዚያ መንገድ እንዳይወርዱ ይደረግ ዘንድ የሚጠይቅ ነበር።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የጠየቅሁት ጥፋተኛው ማን ነው ብዬ ነው። የታችኛው ፖሊስ ደብዳቤውን ያሸገው ቀደም ሲል ምስጢር አፈትልኮ ሰው ስለተጎዳበት ነው፤ አቶ ኃይለመስቀል እንዳይከፈት ያዘዙት መመሪያው እንዲያ ስለሚል ነው፤ በስልክ እንዳይነገርም ስልክ ምስጢር አይጠብቅም ተብሎ ተከልክሏል። አቶ ኃይለመስቀልን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሁላችንም መመሪያ አክብረናል። መመሪያ አክብረን ነው ሰው ያስገደልነው» አሉኝ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ደብዳቤው በተከፈተ ዕለት፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ወደ ሐዘን ቤቱ ሄዱ። በዚያ የተነጋገሩትን የነገሩኝ ወይዘሮ ጠጄ ራሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ሸዋረጋ ነገሩን ሁሉ ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

«እትዬ፣ ያውቁ ነበር?» አሉ ወይዘሮ ጠጄ።

«አላውቅም ነበር። ፖስታው ግን እኔ ዘንድ ነበር።»

«ለምን አልከፈቱትም?»

«አትክፈቱ ይላል።»

«ታዲያ ማን ይክፈተው ይላል?»

«እዚያ የሌለ ሰው።»

ወይዘሮ ጠጄ ከዚያ በኋላ ለሰባት ወር ሰላምታ አልሰጧቸውም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ወይዘሮ ሸዋረጋ ቆመው ያሳልፏቸው እንጂ አንድም ቀን እንዲታረቁ ሽማግሌ አልላኩም። ለምን እንዳልላኩ ልጃቸው ፀደንያ ስትጠይቃቸው «ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ፖስታ እንዳይተኛ ሳላደርግ ምን ብዬ እታረቃለሁ?» አሏት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሥራ ዘመናቸውን ሁሉ የያዘው ሐሳብ ይኸው ነበር።

ሐሳባቸውንም በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፈው ለሁለቱም ወረዳዎች አቀረቡ፤ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ የሁለቱም ወረዳ ፖሊስ፣ የጸጥታ ጽሕፈት ቤት፣ ሚሊሻና የእንስሳት ጤና ሠራተኞች አንድ ቦታ ተቀምጠው እያንዳንዱ የሚያውቀውን እንዲናገር የሚጠይቅ ነበር። የላይኛው «ታችኛው ከተስማማ አንቃወምም» ሲል፣ የታችኛው ደግሞ «ላይኛው ሲስማማ እናየዋለን» ብሎ መለሰ፤ ወረቀቱም አራት ወር ሲወጣና ሲወርድ ከረመ። በመጨረሻ ወይዘሮ ሸዋረጋ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግራቸው ተጉዘው፣ የታችኛውን ፖሊስ ኃላፊ ኢንስፔክተር ውባየሁን ቢሯቸው ድረስ ሄደው አነጋገሩ።

ኢንስፔክተሩ «ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ምስጢር እንደ ዳቦ ነው። ለሁሉም ልቁረስ ካሉት ፍርፋሪ ብቻ ይቀራል» አሏቸው።

እሳቸውም «ኢንስፔክተር፣ የእርስዎ ዳቦ እኮ እኔ ሣጥን ውስጥ ስምንት ቀን ተቆልፎበት ሻገተ» አሏቸው።

ኢንስፔክተር ውባየሁ ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉና በመካከላችን የተገኙ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የተቆጡ መስለው ወደ መስኮቱ መዞራቸውን፣ ነገር ግን የዞሩት ሳቃቸው እንዳይታይባቸው እንደነበር ነግረውኛል። ከዚያም «የት እንቀመጣለን?» ብለው ጠየቁ።

የት የሚለው ቀላል ጥያቄ አልነበረም። የላይኛው ሰዎች ወደ ታችኛው መውረድን እንደ ትንሽነት፣ የታችኛው ሰዎችም ወደ ላይኛው መውጣትን እንደ መጠራት ቆጠሩት። በመጨረሻ በአቀበቱ አጋማሽ ላይ ያለች፣ ጣሪያዋ በጓሳ ሣር የተከደነ የሰንበቴ ቤት ተመረጠች፤ ቦታዋ የየትኛው ወረዳ እንደሆነ ሁለቱም ሲከራከሩባት የኖሩ ስለነበረች፣ ማንም ማንን አስተናገደ የማይባልባት እርሷ ብቻ ሆና ተገኘች።

የመጀመሪያው ስብሰባ በመስከረም ወር 2002 ዓ.ም. ተደረገ። የተሰበሰቡት ስምንት ሰዎች ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ፣ ውርጩ ዘንድሮ ገብሱን ይመታው እንደሆነ ሲጠያየቁ እኩለ ቀን ሆነ። ቃለ ጉባኤ እንዲይዙ የተመደቡት ወይዘሮ ሸዋረጋ ከተገኙት ሰዎች ስም በቀር የሚጽፉት አጡ። ምሳ ይቅረብ በተባለ ጊዜ ግን፣ ምግቡ የተቀመጠበትን ክፍል ቆልፈው ቁልፉን በመቀነታቸው ቋጥረው ነበርና፣ «በአባቴ አገር አውጫጭኝ ተቀምጦ ነገሩ ሳይወጣ የበላ የለም። እኔም ብሆን እርቦኛል» ብለው ተቀመጡ። አንዱ የሚሊሻ አዛዥ «ይቺ ሴትዮ ልታስረን ነው እንዴ?» ቢሉ፣ ሌላው «ብታስረንማ ምግብ ትሰጠን ነበር» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ የተናገረ ግን አልነበረም።

ዝምታውን የሰበሩት የታችኛው ወረዳ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። «እኔ የስኳር በሽታ አለብኝ፤ ከእናንተ ጋር አልሞትም» ብለው፣ ባለፈው ወር ጆሯቸው በአንድ ዓይነት ምልክት የተሰነጠቀ ሦስት በሬዎችን ለማያውቁት ሰው መከተባቸውን ተናገሩ። የላይኛው ፖሊስ ደንግጠው «የቀኝ ጆሮ ነው?» አሉ፤ ተሰረቁ ተብለው ሲፈለጉ የነበሩ በሬዎች ነበሩና። በዚያች ሰዓት ሁለት ዓመት የተንከባለለ መዝገብ ተዘጋ፤ ሐኪሙም መጀመሪያ ምሳ የተሰጣቸው ሰው ሆኑ። ፖሊሶቹ ለዓመታት ሲፈልጉት የነበረውን ነገር መርፌ የያዘው ሰው ሲያውቀው መቆየቱ፣ ማንም ስላልጠየቀውም አለመናገሩ፣ ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

ነገር ግን ታሪኩ ሁሉ መልካም ብቻ አልነበረም፤ ወይዘሮ ሸዋረጋ ራሳቸው ይህኛውን ሳትነግሩ ያኛውን አትንገሩ ይሉ ስለነበር እጽፈዋለሁ። በ2003 ዓ.ም. በአንደኛው ሐሙስ አንድ የፖሊስ አባል ስለ ዘራፊዎች የነገራቸውን ገበሬ በስሙ ጠርተው ተናገሩ። ወይዘሮ ሸዋረጋም የተነገረውን ሁሉ መጻፍ ልማዳቸው ስለነበረ፣ ስሙን በቃለ ጉባኤው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈታቸው ጻፉት፤ ቃለ ጉባኤውም በስምንት ቅጂ ለስምንት ቢሮ ተላከ። ሳምንት ሳይሞላው የዚያ ገበሬ የገብስ ክምር በእሳት ወደመ፤ ቤተሰቡንም ይዞ አገር ለቀቀ።

ስሙ ከየትኛው ቢሮ እንደወጣ አልታወቀም። ወይዘሮ ሸዋረጋ ግን ከየትኛው ይሁን፣ የጻፈችው እጅ የእኔ ናት ብለው፣ በስምንቱም ቢሮዎች እየዞሩ ቅጂዎቹን ሰብስበው ያን ገጽ በሌላ ተኩ። ከዚያ ወዲህ የሐሙሱ ስብሰባ ሲከፈት በየጊዜው የሚነገር አንድ ደንብ አወጡ፤ ይኸውም «ነገሩን አምጡ፣ ሰውየውን ቤቱ ተዉት» የሚል ነው። የስምንቱ ቢሮ ሰዎችም ለምን እንደሆነ ሳይገልጹ ከየቤታቸው ገብስ አዋጥተው፣ ገበሬው ወዳረፈበት አገር በአህያ ጭነው ላኩለት። የዚህን ገበሬ ስም ለመጻፍ ፈልጌ አቶ ኃይለመስቀልን፣ ኢንስፔክተር ውባየሁንና ሐኪሙን በየተራ ጠየቅሁ። ሦስቱም አልነገሩኝም። ደንቡ እስከ ዛሬ እንደሚሠራ የተረዳሁት በዚህ ነው።

በጥር ወር 2006 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። በአንድ ሐሙስ የታችኛው ሚሊሻ፣ በገደሉ አጠገብ ባለች መንደር ሁለት እንግዶች ለስድስት ሰው የሚበቃ ዳቦ ገዝተው ሳያድሩ መሄዳቸውን ተናገሩ። ለብቻው ምንም የማይል ነገር ነበር። የላይኛው ፖሊስ ከአንድ ቤት ሁለት ጠመንጃ ጠፍቶ ባለቤቱ ለማመልከት መፍራቱን ተናገሩ። ሐኪሙ ደግሞ፣ አገር ለቋል በተባለ በአንድ የታወቀ ዘራፊ በቅሎ ጀርባ ላይ የኮርቻ ቁስል ማከማቸውን፣ በቅሎዋን ያመጣት ግን ሌላ ሰው መሆኑን ጨመሩ። ሦስቱ ነገሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ የሚመጣው የገበያ ቅዳሜና ያው የገደሉ መሻገሪያ ታዩ።

በዚያን ጊዜ ደብዳቤ አልተጻፈም፤ ፖስታም አልታሸገም። ሁለቱ ወረዳዎች እዚያው ተስማምተው ኃይላቸውን ዓርብ ዕለት ወደ መሻገሪያው ላኩ። ነጋዴዎቹን ከመንገዱ አፍ የሚመልስ ሰው ግን አስፈለገ፤ የታጠቀ ሰው ቢቆም ወሬው ለዘራፊዎቹ ይደርሳልና፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ «እኔን ማን ይፈራል? እኔ እቆማለሁ» አሉ። ቅዳሜ ማለዳ ከሐኪሙ ጋር በመንገዱ አፍ ላይ ቆመው፣ በቆላው የከብት በሽታ ስለገባ መንገዱ ለዛሬ ዝግ ነው እያሉ አሥራ አንድ ነጋዴዎችን መለሱ። ነጋዴዎቹ በደስታ አልተመለሱም። አንዱ «አህያዬ ከእርስዎ ትሻላለች፤ ይልቅ ራስዎን ይመርመሩ» ሲላቸው፣ ሌላው «ጡረታቸው ሲደርስ ወንበር ሲያጡ መንገድ ላይ ተቀመጡ» አለ። አልመለስም ያለ አንድ ሰውም ስለነበረ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ ነጠላቸውን አንጥፈው በጠባቡ መንገድ መካከል በእውነት ተቀመጡ፤ ሰውየውም እሳቸውን ተራምዶ ማለፍ ነውር ሆኖበት እየተራገመ ተመለሰ።

በዚያው ዕለት በመሻገሪያው ላይ ከስድስቱ ዘራፊዎች አራቱ ጥይት ሳይተኮስ ተያዙ፤ ሁለቱ አምልጠዋል። ያመለጡት ባለመያዛቸውና ነገሩን ያቀበሉት ሰዎች እንዳይታወቁ ሲባል፣ ነጋዴዎቹ ለምን እንደተመለሱ አልተነገራቸውም። ወይዘሮ ሸዋረጋም በገበያው «መንገድ ዘጊዋ» የሚል ስም ወጥቶላቸው ለረጅም ጊዜ ተጠሩበት፤ አንድም ቀን አላስተባበሉም። የከብት በሽታ ገባ ብለው ስለተናገሩት ነገር ግን ለነፍስ አባታቸው ተናዝዘው ንስሐ መቀበላቸውን ቤተሰቡ ያውቃል።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ጠጄ ቤት ሄዱ። ከሰባት ወሩ በኋላ ሰላምታው ተመልሶ ነበር፤ ቤት ለቤት መጠያየቅ ግን አልነበረም። ወይዘሮ ሸዋረጋ በሩ አጠገብ ተቀምጠው «ትናንት በጊዜው ተከፈተ» አሏቸው። ወይዘሮ ጠጄ ምን እንደሆነ አልጠየቋቸውም። «ስንት ሰው ነበር?» ብቻ አሉ። «አሥራ አንድ» አሏቸው። ወይዘሮ ጠጄም ተነሥተው ምሳ አቀረቡ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሁለቱ እንደ እናትና ልጅ ኖረዋል።

ወይዘሮ ሸዋረጋ በ2009 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። የሐሙሱ ስብሰባ ከእሳቸው በኋላ አንዳንዴ ይቋረጣል፣ አንዳንዴም ይቀጥላል፤ ኃላፊ በተለወጠ ቁጥር እንደገና ማስረዳት እንደሚያስፈልግ ባልደረቦቻቸው ይናገራሉ። እሳቸው በጡረታ ዘመናቸው ቤተ ክርስቲያን በማገልገል፣ ማኅበራቸውን በመጠጣት፣ የልጅ ልጆቻቸውን በማስጠናት አሳልፈዋል።

በ2014 ዓ.ም. የልብ ሕመም አጋጥሟቸው በደብረ ብርሃን ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተዋል። በዚያም ቢሆን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲላኩ ወረቀታቸውን በእጃቸው ይዘው እየሄዱ፣ እያንዳንዱን ሐኪም «ይቺ ልጅ የጻፈችውን አንብበሃል? አንብበህ እኔን እየኝ» ይሉ ስለነበር፣ ነርሶቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው «ስብሰባው ሊጀመር ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሕመሙ እየጸና ሄዶ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው በሰላም አረፉ።

ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት፣ አቶ ኃይለመስቀል ሊጠይቋቸው መጥተው ሳለ፣ ያመለጡት ሁለቱ ሰዎች ተይዘው ፍርዳቸውን ከጨረሱ ዓመታት እንዳለፉ፣ አሁን የጥር ወሩን ነገር ቢናገሩት የሚጎዳ ሰው እንደሌለ ነገሯቸው። ወይዘሮ ሸዋረጋ «እንግዲያው ሰው በተሰበሰበበት ይነገር፤ ግማሹ ሰምቶ ግማሹ እንዳይቀር» አሉ። ይህን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ከአልጋው አጠገብ ነበርኩ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ትዕዛዙ የሦስት ልጆች እናት፣ የስምንት ልጆች አያት ነበሩ። ከኋላቸው የቀሩት ልጆቻቸው ፀደንያ ገሠሠ፣ ምስክር ገሠሠና መሲ ገሠሠ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ሦስት ወንድሞችና አንዲት እህት፣ እንዲሁም ልጃቸው የሆኑት ወይዘሮ ጠጄና ሁለቱ ልጆቻቸው ናቸው።

በጥር 2006 ዓ.ም. ከገደሉ መንገድ አፍ የተመለሳችሁት አሥራ አንድ ነጋዴዎችም ከቀሩት መካከል ናችሁ። ስማችሁን አላውቅም፤ ባውቅም አልጠራም። የመሐል ሜዳ፣ የሞላሌና የዘመሮ ነጋዴ ዛሬ እዚህ ስላለ፣ አንዳንዶቻችሁ ይህን እየሰማችሁ እንደሆነ አስባለሁ። የከብት በሽታ አልነበረም። እዚያ ታች የሚጠብቋችሁ ነበሩ።

ቸሩ አምላክ የእናታችንን የወለተ ማርያምን ነፍስ ከደጋግ አባቶችና እናቶች ጋር በማይጨልመው ቦታ ያኑርልን፤ የአቶ ሽመክትንም ነፍስ እንዲሁ። ለቤተሰቡና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን፤ አሜን።